የእትዬ ዘነበች መለኪያ

ባለፈው ሳምንት ሁለት ጎረቤቶቼ ወረቀት ይዘው መጡ። አንዱ የዕድራችን ጸሐፊ ነው፤ ሁለተኛዋ ከቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ሴት ናት። ከእኛ ሰፈር ዝቅ ብሎ፣ ወደ ሻንቶ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ባዶውን የቆየ አንድ ቤት በሱስ ለተያዙ ልጆች ሊከፍቱት ነው ተብሏል። ጫት የሚቅሙና የሚጠጡ ብቻ ሳይሆኑ ኪኒን የሚውጡ፣ መርፌ የሚወጉም ይመጣሉ አሉ። እዚያ ገላቸውን ይታጠባሉ፣ ይበላሉ፣ ነርስ ታያቸዋለች። ገና ያልተወውንም ቢሆን ከበር አይመልሱትም። ጎረቤቶቼን ያናደዳቸው ይህ የመጨረሻው ነው።

«ይተዉና ይምጡ» አለች ባለ ሱቋ። «ሳይተዉ መመገብና ማስተኛት ማበረታታት አይደለም እንዴ፣ እማማ?»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ። «እርስዎ ከፈረሙ ሌላው ሁሉ ይፈርማል» አለኝ። ሊያሞግሰኝ ነው እንዲህ ያለው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ በንባብ ግን ማንም አያታልለኝም። አልፈርምም አልኳቸው። ለምን አሉኝ። ወደ ቤታችሁ ሂዱ አልኳቸው። ሰው በጣም ሲናደድ ምክንያቱን በቅጡ መናገር አይችልም፤ እኔ ደግሞ በዚህ ነገር መናደድ ከጀመርኩ ስልሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው። በአፌ ያልመለስኩላቸውን በጽሑፍ ልመልስ ብዬ ተቀመጥኩ።

ወንድሜ ሶርሳ ልብስ ሰፊ ነበር። ንጉሡ ሳሉ ነው። ሶዶ ያኔ ገበያዋን ይዛ አንድ ሁለት መንገድ ያላት፣ በክረምት ቀይ ጭቃዋ ጫማ የሚነጥቅ፣ በበጋ አቧራዋ ጥርስ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ከተማ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ከዳሞታ ተራራ ጉም ይወርድና ሰው ከሰው ሳይተያይ በድምፅ ብቻ ሰላምታ ይለዋወጣል። ሶርሳ በአንድ ጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይሠራል። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባታችን ሲሞት ትምህርቴን አቋርጬ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። አማርኛ የተማርኩትም እዚያ በረንዳ ላይ ነው። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በወላይትኛ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን «እናቴ ታሟል» ስል ደንበኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁብኝ ነበር። እኔም መቀሱን አነሣና «ሱሪህ እጄ ላይ ነው፤ ሳቅ» እላለሁ። 

ሶርሳ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ሰውን አንዴ አይቶ፣ ሳይለካ፣ ትከሻውን የሚያውቅ ሰፊ ነበር። ለፖሊሱም፣ ለጸሐፊውም፣ ለሙሽራውም ይሰፋል። አረቄ መቼ እንደጀመረ በትክክል አላውቅም። ደንበኛ ልብሱን ሲወስድ ደስ ብሎት «ና እስቲ አንድ መለኪያ» ይላል፤ ይህ ጨዋነት ነው። አንዷ መለኪያ ሁለት ሆነች። ከዚያ ደንበኛ ሳይጠራው ብቻውን መሄድ ጀመረ። እኔ ያወቅሁት በክር ነው። አንድ ቀን ጠዋት መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተው። እጁ ይንቀጠቀጣል። ክሩን በምራቁ አርሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ገልጦ፣ እንደገና ሞከረ። ከዚያ ምንም ሳይናገር መርፌውን ወደ እኔ ዘረጋው። አስገባሁለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ክር የማስገባው እኔ ሆንኩ። ከመጀመሪያዋ መለኪያ በኋላ ግን እጁ ቀጥ ይላል፤ ከእሱ የተሻለ ሰፊ ሶዶ ውስጥ አልነበረም።

ቤተ ሰባችን ጴንጤ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን አረቄ የጠጣ ሰው በቅጣት ይቀመጣል። ቅጣት ማለት መገረፍ አይደለም። ኋላ፣ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለህ፤ የጌታ እራት አትወስድም፤ በጉባኤ ፊት ቆመህ «ትቻለሁ» ብለህ እስክትመሰክር ድረስ ማንም ቤቱ አይጠራህም። ሶርሳ ሁለት ዓመት እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ከፊት መዘምራን መካከል ማርታ የምትባል ልጅ ትቆማለች። እጮኛው ናት። በቅጣት ያለ ሰው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አያጋባውም። አባትዋ እስከ ጥር ታገሡት፤ ጥር ካለፈ ተበላ በምትባል ከተማ ያለ አንድ አስተማሪ ይጠብቃታል ተባለ። ወንድሜ ይህን ሰምቶ፣ ለጊፋታ፣ ለወላይታ አዲስ ዓመት በዓል፣ አገር ሁሉ ሥጋ ሲበላና ሲጨፍር፣ ብቻውን ጓዳ ገብቶ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጁን ጭኖ ማለ። በአንድ ቀን አቆመ።

በሁለተኛው ቀን በረንዳው ላይ ነበርን። ሲያልበው ዋለ። ቁርሱን አልበላም። የፖሊስ ኮት እየሰፋ ድንገት እግሩ ከመርገጫው ላይ ተንሸራተተ፤ ዓይኑ ተገለበጠ፤ ከነበርጩማው ወደቀ። መላ አካሉ እንደ ተመታ እባብ ይወራጫል፤ ከአፉ ደም የተቀላቀለበት አረፋ ይወጣል። ሰው ተሰበሰበ። «ክብሪት! ክብሪት ጫሩለት!» ይላል አንዱ። ሌላው «አትንኩት፣ ይጋባል!» ይላል። እኔ እጮኻለሁ።

ከመንገዱ ማዶ አረቄ የምትሸጠው እትዬ ዘነበች ነጠላዋን እያስተካከለች መጣች። አባትዋ ከሰሜን የመጡ ወታደር ነበሩ፤ እሷ ግን ሶዶ ተወልዳ ያደገች ናት። ወፍራም፣ ረጅም፣ ድምፅዋ ወንድ የሚያስደነግጥ ሴት ነበረች። ክብሪቱን ከሰውየው እጅ መትታ ጣለች። ወንድሜን ወደ ጎን አዞረችው፤ ነጠላዋን አጣጥፋ ከራሱ ሥር አደረገች፤ እስኪያበቃ ድረስ ጀርባውን ይዛ ቆየች። ነፍሱ ሲመለስ ወደ ቤትዋ አስገባነው። ከዚያ በቡና ማንኪያ፣ በጣም በትንሹ፣ አረቄ አጠጣችው።

«ምን ያደርጋሉ!» አልኳት።

«ካቆመ ስንት ቀኑ ነው?»

«ሁለት።»

«ማን አዘዘው?»

«እግዚአብሔር» አልኳት።

«እግዚአብሔር ራሱ ዓለምን ለመሥራት ስድስት ቀን ፈጅቶበታል፤ ይሄን ልጅ በአንድ ቀን ጨርስ ይለዋል?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ባልዋ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እሱም ታቦት ፊት ምሎ በአንድ ቀን አቆመ። በሦስተኛው ቀን እንዲህ ጣለው። ጋኔን ነው ብለው ጠበል ሲወስዱት መንገድ ላይ ሞተ። «የእናንተም የእኛም ሰዎች አንድ ናቸው» አለችኝ። «ጠጪ መውረድ ያለበት በደረጃ ነው። ከጣሪያ ላይ ዝለል አይባልም።»

«ታዲያ ይሄን እያወቁ ለምን ይሸጣሉ?» አልኳት። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር ብያለሁ።

«አራት ልጆቼን አንቺ ታበይልኛለሽ?»

እትዬ ዘነበችን ቅድስት አድርጌ አልጽፋትም፤ በእጅዋ የተቀዳው አረቄ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ሶዶ ያውቃል። ግን ያን ቀን ወንድሜ ሲወድቅ ምን እንደሆነ ያወቀች እሷ ብቻ ናት። ይህም መባል አለበት።

ሶርሳ ካገገመ በኋላ፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ውል ገባን። እሷ፣ እኔና ሶርሳ። በቀን አሥራ ስድስት መለኪያ ይጠጣ ነበር። አሥራ ስድስቱን ቀኑ ላይ አከፋፈለችው። በየሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ አንዷን ትቀንሳለች። ባዶ ሆድ ላይ ጠብታ አይገባም፤ መጀመሪያ አጥሚት፣ ወይም የተቀቀለ ጎዳሬ በዳጣ። ዳጣው ስለሚያቃጥለው ያጉረመርማል፤ «ማቃጠል የምትወድ አይደለህም እንዴ?» ትለዋለች። አሳላፊዎቹ እንዳያሳስቱት ሌሎቹን አረቄ ቤቶች ሁሉ ዞራ «ለልብስ ሰፊው የሸጠች ከእኔ ጋር ነው የምትጣላው» ብላ አስጠነቀቀች። ከእትዬ ዘነበች ጋር መጣላት የሚፈልግ አልነበረም። ሰክሮ ቦይ ውስጥ ማደሩም ቀረ፤ ከመሸበት እሷ ጓዳ መደብ ላይ ይተኛል። ቀኑን በሙሉ እሷ ቤት እንዳይውል ደግሞ ድርሻውን በትንሽ ጠርሙስ ተቀብዬ በሰዓቱ በረንዳው ላይ የምሰጠው እኔ ነበርኩ።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። «የእናንተ ሰዎች ይሄ አይገባቸውም።»

ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር ተጋመሰ። ሶርሳ ፊቱ ላይ ሥጋ ጣል አደረገ። አንድ ጠዋት መርፌውን አነሣሁለት፤ ከእጄ ወሰደና ክሩን ራሱ አስገባ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞክር ነው የገባለት። አየኝ። «እንግዲህ ሥራ ፈታሽ» አለኝ። ስስቅ እንባዬ መጣ፤ እሱም ሳቀ፤ መኪናውን ያለ ጨርቅ ዝም ብሎ ረገጠው፣ እንደ ልጅ። ታኅሣሥ ሲገባ ዘጠኝ ላይ ደርሰን ነበር።

ያን ጊዜ ነው ሽማግሌዎቹ የጠሩኝ። እሑድ ከጉባኤ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አምስት ሆነው ተቀምጠዋል። መካከል ያለው አቶ ዳልኬ ነው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አባታችን ከሞተ በኋላ እህል ያላጣነው በእሱ ነው። በግድግዳው ጭቃ ውስጥ ያለው ጭድ እየሸተተኝ ፊታቸው ቆምኩ።

«አስቴር፣ አረቄ ቤት ስትገቢና ስትወጪ ታይተሻል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አጎቴ።»

«ትጠጫለሽ?»

«አልጠጣም። ለሶርሳ ነው የምወስደው። ዘጠኝ ደርሷል።»

«ዘጠኝ ምን?»

«ዘጠኝ መለኪያ። አሥራ ስድስት ነበር።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቅ አመለጠው። «ስምንት ሲሆን ሃሌ ሉያ እንበል?» አለ።

መዋሸት እችል ነበር። የጠርሙሱን ነገር ማንም በእጁ አልያዘም፤ ልብስ ላደርስ ገባሁ ብል ያምኑኝ ነበር። እኔ ግን እውነቱን ከሰሙ ይፈርዳሉ ብዬ አመንኩ። ስለ መውደቁ፣ ስለ ባልዋ፣ ስለ ደረጃው ሁሉንም ዘረዘርኩላቸው። በኩራት ነበር የምናገረው። አሁን ሳስበው የማፍርበት ኩራቱ ነው።

አቶ ዳልኬ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና «ልጄ፣ እኔ ከወንድምሽ የባሰ ጠጪ ነበርኩ» አለ። «ጌታን ያገኘሁ ቀን ጠርሙሱን ድንጋይ ላይ ሰበርኩ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልቀመስኩም፤ አንድም ቀን አልተንቀጠቀጥኩም። የተሰጠኝን ለእህቴ ልጅ እነፍጋለሁ? አረቄ ሻጭ በመለኪያ ታድናለች ብዬ ልመን?» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈው ፍርድ እንዳይጎድል ነው። በእሱ የሆነው በሰው ሁሉ ይሆናል ብሎ አመነ፤ ጥፋቱ ይሄ ነው፣ ትልቅ ጥፋትም ነው።

እኔን ሶርሳ ከተቀመጠበት አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። ለሶርሳ ደግሞ ሦስት ቀን ጾምና ጸሎት ቆረጡለት፤ ጉኑኖ፣ የአቶ ዳልኬ ወንድም ቤት፣ ከከተማው ርቆ። በአራተኛው ቀን ተመልሶ በጉባኤ ፊት ይመሰክራል፤ ጥር ላይ ይጋባሉ። የማርታ አባት እሺ አሉ። ሶርሳ ይህን ሲሰማ ፊቱ እንደ መብራት በራ።

«ሦስት ቀን ብቻ እኮ ነው» አለኝ።

«ባለፈው በሁለተኛው ቀን ነው የወደቅኸው።»

«ያኔ ብቻዬን ነበርኩ። አሁን ሃያ ሰው ይጸልይልኛል።»

«እትዬ ዘነበችን ጠይቃት።»

«አስቴር፣ በመለኪያ እየወረድኩ ዘጠኝ ሳምንት ይቀረኛል። ዘጠኝ ሳምንት የካቲት ነው። ማርታ የካቲትን አትጠብቅም።» ሂሳቡ ትክክል ነበር። የተጣላሁት ከሂሳቡ ጋር ነው፤ አልተሸነፈልኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ወሰዱት። እኔ ወደ እትዬ ዘነበች ሮጥኩ። ነገሩን እንደሰማች ወደ ጓዳ ገባች። ትንሿን ጠርሙስ ሞልታ ከመለኪያዋ ጋር በጨርቅ ጠቀለለችልኝ። «በየጥቂት ሰዓቱ አንዷን አጠጪው። እምቢ ቢልሽም። እምቢ ቢልሽም አልኩሽ፤ ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ።»

እናቴ ከለከለችኝ፤ ያን ቀን አልወጣሁም። ረቡዕ ማለዳ ግን ሳልነግራት ተነሣሁ። የጉኑኖን መንገድ በእግር ግማሽ ቀን ነው የሄድኩት። የታኅሣሥ ብርድ ነበር፤ ጤፉ ታጭዷል፤ በየደጁ እንሰት የሚፍቁ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ የእንሰቱ ጎምዛዛ ሽታ እስከ መንገዱ ይመጣል። አንዲት ሴት የተቀቀለ ስኳር ድንች ከትኩሱ ሰጠችኝ። በልቼው ሄድኩ፤ ጣዕሙ ዛሬም አፌ ውስጥ አለ፤ ስኳር ድንች ከዚያ በኋላ በልቼ አላውቅም።

ቀትር ላይ ደረስኩ። ዝማሬው ከሩቅ ይሰማል። ግቢው ሰው ሞልቶታል። አቶ ዳልኬ በሩ ላይ አገኘኝና አልተቆጣም፤ «እህቱ ነሽ፣ ግቢ፤ አበርቺው» አለኝ። ለጥቂት ጊዜ ብቻችንን ተዉን።

ሶርሳ ሰሌን ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ተደግፏል። ሸሚዙ በላብ ከገላው ተጣብቋል። በጣቶቹ ከጉልበቱ ላይ የሌለ ነገር እየለቀመ ይጥላል።

«ጉንዳን ነው» አለኝ። «አንቺ አይታይሽም?»

«አይታየኝም፣ ወንድሜ።»

አፍንጫውን ቀና አደረገ። ሽታው ደርሶታል። ነጠላዬን አየ። «ይዘሽ መጣሽ አይደል?»

«አንዷን ብቻ ጠጣ። ማንም አያይም።»

«ትናንት እዚህ መጽሐፉ ላይ እጄን ጭኜ ምያለሁ፣ በሰው ሁሉ ፊት። አትስጪኝ። ከሰጠሽኝ እጠጣለሁ፤ ከጠጣሁ ሁሉም ነገር አበቃ። አስቴር፣ ፍርድ ታውቂያለሽ፤ መሐላው የእኔ ነው።»

እጄ ጠርሙሱ ላይ ነበር። መሐላው የእሱ ነው። ሰውየው የእሱ፣ ሙሽራይቱ የእሱ፣ ሰውነቱም የእሱ ነው። በሰው መሐላ ላይ እኔ ማን ነኝ አልኩ። ፍትሕ ነው ብዬ ነው እጄን የመለስኩት። ግንባሩን ጠረግኩለት፤ ውሃ አጠጣሁት፤ ወጣሁ። እምቢ ቢልሽም ተብዬ ነበር።

ከእንሰቱ ሥር ተቀምጬ ነበር። ፀሐይዋ ትንሽ ዘንበል ብላለች። ድንገት ከውስጥ አንድ ሰው ጮኸ፤ ከዚያ ሁሉም መጸለይ ጀመሩ። «ውጣ! ውጣ!» ይላሉ። ምን እንደሆነ ገባኝ። ሮጬ በሩ ላይ ስደርስ ሁለት ወንዶች ያዙኝ። በትከሻቸው መካከል እግሩ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ መሬቱን ይመታል። «በጎኑ አዙሩት!» እላለሁ፤ ዝማሬውን ከፍ አደረጉት። ጋኔኑ እየወጣ ነው ብለው ደስ ብሏቸዋል፤ አንዲት ሴት እልል አለች። እግሩ ቆመ። ትንሽ ቆየና እንደገና ተነሣ። እንደገና ቆመ። ዝማሬው ግን ለብዙ ጊዜ አልቆመም፤ እንቅልፍ የወሰደው መስሏቸው ነበር።

ቀብሩን ልተርክ አልፈልግም፤ ሁለት ነገር ብቻ እላለሁ። ሁለት ዓመት በሩ አጠገብ ያስቀመጡትን ሰው ሬሳውን ከመድረኩ ፊት አኖሩት። አቶ ዳልኬም ቆሞ «ንጹሕ ሆኖ ሄደ» አለ። ሰዉ አሜን አለ። እኔ ተነሥቼ «ንጹሕ ሆኖ ከሚሄድ ጠጪ ሆኖ ቢኖርልን ይሻለን ነበር» አልኩ። እናቴ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ሁለተኛው፣ እትዬ ዘነበች ለቅሶ መጥታ ከአጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች አረቄ ሻጭ እዚህ አትገባም ብለዋታል። እጅዋን ይዤ አስገባሁና ከእናቴ ጎን አስቀመጥኳት። ማንም አልተናገረኝም። እሷ ግን በጆሮዬ «አጠጣሽው?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ አላጠጣሁትም ማለቴ ነው። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ከዚያ በኋላ በመንገድ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ ቤትዋ ግቢ ብላኝ አታውቅም።

ማርታ ይጠብቃት የነበረውን አስተማሪ አገባች። አትወቀስም። አቶ ዳልኬ እስኪሞት ድረስ በየጉባኤው የሶርሳን ምስክርነት ይናገር ነበር። በየዓመቱ ታሪኩ ይሰፋል፤ ሁለቱ ቀን ሦስት ሆነ፣ ሦስቱ ሰባት ሆነ። በመጨረሻ ሶርሳ እየዘመረ እንዳንቀላፋ ተነገረ። አንድ ጊዜ አላስቻለኝም። ልጆቼን ይዤ ከመካከል ተነሣሁና «አጎቴ፣ ይጨርሱት እንጂ፤ ምን ሆኖ እንደሞተም ይንገሯቸው» አልኩት። አየኝ። አርጅቶ ነበር። አልጨረሰውም፤ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ በእኔ ፊት አልተናገረውም፤ እኔ በሌለሁበት ግን ይናገር እንደነበር አውቃለሁ። እኔም ያንን ቤተ ክርስቲያን አልለቀቅሁም። ለምን እለቃለሁ? የእኔም ነው።

ጎረቤቶቼ በሄዱ ማግስት ከዘራዬን ይዤ ወደዚያ አዲስ ቤት ወረድኩ። ግድግዳ እየቀቡ ነበር። አንዲት ወጣት ነርስ ወንበር አቀረበችልኝ፤ የልጅ ልጄን ታህላለች። አንድ ነገር ልጠይቅሽ አልኳት። ለዓመታት የጠጣ ሰው ምሎ በአንድ ቀን ቢያቆም ምን ይሆናል?

«ብዙ የሚጠጣ ከሆነ አደገኛ ነው፣ እማማ። ሊያንቀጠቅጠው፣ የሌለ ነገር ሊያሳየው፣ ሊጥለው ይችላል። ሊሞትም ይችላል። በሐኪም ክትትል ቀስ ተብሎ ነው የሚቆመው» አለችኝ፤ ሰዓት የጠየቅኳት ይመስል። «ይሄ እኮ የታወቀ ነገር ነው።»

የታወቀ ነገር ነው። ስልሳ ዓመት የተሸከምኩትን በሁለት ደቂቃ ነገረችኝ፤ ተቆጣሁባት ማለት ይቻላል። ያኔም የታወቀ ነበር እኮ። የሚያውቀው ሰው አረቄ ሻጭ ስለነበረች ነው እንዳልታወቀ የተቆጠረው።

«ሰውየው ራሱ እምቢ ቢልስ?» አልኳት። «አትስጡኝ፣ ምያለሁ ቢልስ?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ስለ ማን እንደማወራ ገብቷት ይሆን አላውቅም። «እንለምነዋለን፣ እማማ። ሐኪም ጋ እንወስደዋለን። ብቻ ጥለነው አንወጣም» አለች።

ጥለነው አንወጣም። አቶ ዳልኬን በሰው ፊት ስከስ ኖሬአለሁ፤ አልተጸጸትኩም፤ የሚገባውን ነው ያልኩት። ፍርድ ለሁሉም እኩል ከሆነ ግን የእኔም ይጻፍ። እሱ አላወቀም ነበር። እኔ አውቅ ነበር፤ ተነግሮኛል፣ አንዴ በዓይኔ አይቻለሁ፣ መድኃኒቱ በእጄ ላይ ነበር። ወንድሜ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ግንባሩን ጠርጌለት ወጣሁ።